ዳቦው ሳይቆረስ

ደባርቅ ውስጥ ክንዴን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ መሆን አለበት። ዕድሜውን በጭነት መኪና የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ገደል ሲወርድና ሲወጣ አሳልፎ፣ ጉልበቱ ፍሬን መርገጥ እምቢ ሲለው መኪናውን ሸጦ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ነው። ሲነዳ አይቸኩልም ነበር፤ ሲናገርም አይቸኩልም። እንዲያውም ጨርሶ የማይናገርበት ጊዜ ይበልጣል። ሚስቱ ስጦታ በሕይወት ሳለች የእሱንም ድርሻ ጨምራ ታወራለት ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ያ ድርሻ ሰው አጥቶ ቀርቷል።

ስጦታ ዘፈን አውራጅ ነበረች። እንዲህ ስል ተከፍሏት መድረክ ላይ የምትወጣ ዘፋኝ እንዳትመስላችሁ። ሰርግ ቤት ሴቶቹ ተሰብስበው ከበሮው ሲመታ ግጥሙን የምታወጣው፣ ሌሎቹ የሚቀበሏት ሴት ማለቴ ነው። ከደባርቅ እስከ ኮሶዬ፣ ሲብስም ጃናሞራ ድረስ እየተለመነች ትሄድ ነበር። ግጥሙን እዚያው ቆማ ነው የምትፈጥረው። የሙሽራውን አጎት ስስት፣ የሚዜውን ጫማ፣ የአማቲቱን ኩራት እያነሳች ሰዉን በሳቅ ትገድለዋለች። በማግስቱ "ትናንት ምን ነበር ያልሽው?" ቢሏት አንዱንም አታስታውሰውም። "እኔ ምን አውቄ፣ እዚያው ጥየው መጣሁ" ትላለች።

ክንዴ ገና መኪና እየነዳ ሳለ ነው ለፎቶና ቪዲዮ ቤቱ ገንዘብ ያዋጣው። ባለድርሻዎቹ አራት ናቸው፤ ክንዴ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ወጣቱ ሙሌ፣ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ የምታከራየው ጥሩዬ፣ ጡረታ የወጣው የፊዚክስ መምህር ባርናባስ። አራቱም የአንድ የኪዳነምሕረት ማኅበር አባላት ናቸው። የድርጅቱም ሐሳብ የተወለደው እዚያው ማኅበር ላይ፣ ጠላው ደጋግሞ ከተቀዳ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ንግዱ ክፉ አልነበረም። ጥር በመጣ ቁጥር የአካባቢው ሰርግ ሁሉ በእነሱ ካሜራ ይቀረጻል።

ነገሩ የተወሳሰበው ግን ከዚሁ ከማኅበሩ የተነሳ ነው። ባለድርሻዎቹ ሌላ የስብሰባ ቀን የላቸውም። ድግሱ የሚዞረው በአራቱ ቤት ነው፤ በየወሩ የኪዳነምሕረት ዕለት በተረኛው ቤት ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሌላው ማኅበርተኛ መርቆ ሲወጣ አራቱ ቀርተው ስለ ድርጅታቸው ይነጋገራሉ። እስቲ ፍረዱ፤ የሰው ዳቦ በልታችሁ፣ የሰው ጠላ ጠጥታችሁ፣ ገና ከንፈራችሁን ሳትጠርጉ ለዚያው ሰው "አይሆንም" ትሉታላችሁ? በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው አልተወለደም። ቢወለድም ማኅበር አይገባም። ስለዚህ ተረኛው ያለው ሁሉ ይጸድቃል። ቀለም ሲገዛ፣ የቤት ኪራይ ሲታደስ ይህ ልማድ ማንንም አልጎዳም ነበር። ሁሉም በተራው ይሞላለታል፣ ፍቅርም ይሰነብታል። አዲሱ ሚሞሪ ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ።

ቪዲዮ ቤቱ የቀረጸው ሁሉ የሚቀመጠው ሃርድ ዲስክ በሚባሉ ጥቁር ሳጥኖች ውስጥ ነው። በውስጣቸው እንደ ድሮው የሙዚቃ ሸክላ የሚሽከረከር ነገር አለ። ጥቅምት ላይ ተራው የሙሌ ነበር። ማኅበርተኛው እንደወጣ ከኪሱ ከመዳፍ የምታንስ ስስ ዕቃ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ይሄ ኤስኤስዲ ይባላል" አለ። "የሚሽከረከር የለው፣ ቢወድቅ የሚሰበር የለው። ፍጥነቱ ሌላ ነው። ዓለም ሁሉ ወደዚህ ዞሯል፤ በሸክላ የቀረነው እኛ ብቻ ነን።"

ጉዳቱንም አልደበቀም። ዕቃው ውድ ነው። አቅማቸው የሚችለው ትንሹን ነው፣ ትንሹ ደግሞ ያላቸውን ሁሉ አይዝም። "ያለቀለትን ፊልም እናዛውራለን፣ ጥሬውን ቀረጻ አጥፍተን አሮጌዎቹን ሳጥኖች እንሸጣለን። ጥሬውን ማን ያየዋል?" አለ።

ጥሬ ቀረጻ የሚሉት ካሜራው ከጠዋት እስከ ማታ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ነው፤ ወጥ የሚቀምሱትን ሴቶች፣ ጫማ የጠበበውን ሚዜ፣ ጥግ ይዘው የሚያሙትን ዘመዶች ሳይቀር። ያለቀለት ፊልም ከዚያ ላይ ተቆርጦና ተቀጥሎ ለሙሽሮቹ የሚሰጠው ነው። ጥሩዬ ወጪውን ስትሰማ ፊቷ ጠቁሮ ነበር፤ ግን የሙሌን ዳቦ በልታለች፣ "እሺ" አለች። ባርናባስም "እሺ" አለ። ክንዴም "እሺ" አለ።

በማግስቱ ክንዴ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሄደ። ቀረጻውን በኮምፒውተር የምትቆርጠውና የምትቀጥለው ፋንታዬ የዳባት ልጅ ናት፤ ስጦታ ካረፈች በኋላ ስለተቀጠረች አታውቃትም። ክንዴ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስለ ብርዱ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ዳባት መንገድ እያነሳ ሲዞር ቆየ። በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ።

"ፋንታዬ፣ ፊልሙ ላይ የሴቶቹ ዘፈን አለ?"

"የቱ ዘፈን ጋሼ?"

"ሰርግ ቤት የሚዘፍኑት ነዋ።"

"አይ፣ እሱንማ እናጠፋዋለን። ጫጫታ ይበዛበታል። ከላይ የስቱዲዮ ዘፈን እንጭንበታለን፣ ሙሽሮቹም የሚወዱት እሱን ነው።"

"ታዲያ የሴቶቹ ድምፅ የት ይቀራል?"

"ጥሬው ላይ። ከዚያ ሌላ የትም የለም።"

ክንዴ ስጦታ ካረፈች ጀምሮ አንድም ቀን "ቀረጻዋን አሳዩኝ" ብሎ አያውቅም፤ ድፍረቱን አላገኘም። እዚያ ሳጥን ውስጥ እንዳለች ማወቁ ብቻ ይበቃው ነበር። ስልኩ ላይ ያሉት ፎቶዎቿ ሁሉ ፎቶ አንሺ ፊት እንደቆመ ሰው አፏን ገጥማ የተነሳቻቸው ናቸው፤ አፏን የገጠመች ስጦታ ደግሞ ስጦታን አትመስልም። አሁን ጥሬው ከጠፋ ድምፅዋ ከዚህ ዓለም ጨርሶ መጥፋቱ ነው።

"የሚፈልጉት ሰርግ ካለ ይንገሩኝ፣ ላውጣልዎት" አለችው ፋንታዬ።

የቱን ይበላት? ስጦታ ያልዘፈነችበት ሰርግ የት አለ? ቀረጻው የተቀመጠው በሙሽሮቹ ስም ነው፤ የትኛው ሰዓት ላይ ማን እንደዘፈነች የጻፈ የለም። የሚፈልጋት ሰው ሁሉንም ቁጭ ብሎ መስማት አለበት። በዚያ ላይ በሟች ሚስቱ ምክንያት የድርጅቱን ሥራ ያሰናከለ ሰው መባሉ አሳፈረው። "አይ፣ እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ" ብሎ ወጣ።

ኅዳር ላይ ተራው የጥሩዬ ሆነ። የእሷ ድፎ እንደወትሮው የሚያስመሰግን ነበር። ሰዉ እንደወጣ "እኔ ያ ዕቃ አልጣመኝም" አለች፤ "ያለው እየሠራ ለምን አዲስ ይገዛል?" ክንዴ ሳያስጨርሳት "እሺ!" አለ። ሁሉም ዞር ብሎ አየው፤ ክንዴ እንዲህ ተቻኩሎ አያውቅም። ያሳፈረውን ነገር በሹፌር ወግ ሸፈነው።

"የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዕቃ ሲታመም በምን ይታወቃል?" አለ። "ሞተር ከመሞቱ በፊት ያጉረመርማል። ይሄኛው ግን አንድ ቀን ዝም ይላል፣ በቃ።"

ሙሌ እውነትነቱን አልካደም፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ሳያስጠነቅቅ የሚሞትበት ጊዜ አለ። እሱም የጥሩዬን ዳቦ በልቷልና "እሺ" አለ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ተራው የባርናባስ ነበር፤ ባርናባስ "ሳይንስ ወደፊት ነው የሚሄደው" ብሎ እንደ ክፍል ውስጥ ጣቱን አነሳ፣ ዕቃው ይገዛ ተባለ፣ ሁሉም "እሺ" አሉ። ያቺ ስስ ዕቃ ከጎንደር መጣች። ጥሬው የጥር ኪዳነምሕረት ካለፈ በኋላ እንዲጠፋ ለፋንታዬ ተነገራት። ምስኪኗ ልጅ በየወሩ የሚገለበጥ ትእዛዝ ስትቀበል ከርማ አሁን ማንንም ማመን አቁማለች።

የጥር ተረኛ ክንዴ ነበር።

እንግዲህ ኃይሉ በእጁ ገባለት። ዳቦ አስቆርሶ "ምንም አይጥፋ" ቢል ማን ይከራከረዋል? ይህን እያሰበ ደስ ብሎት ሳለ ፋንታዬ ጠራችው። ከጥቁሮቹ ሳጥኖች አንዱ፣ የድሮዎቹ ሰርጎች ያሉበት፣ "ጠቅ፣ ጠቅ" ይል ጀምሯል። ክንዴ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ድምፁን አላጣውም፤ የመኪና ጎማ የሚዞርበት ኩሽኔታ ሊበላሽ ሲደርስ እንደዚያ ነው የሚለው።

ያን ቀን ምሳ ሳይቀምስ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ዋለ። አዲሱን ዕቃ እምቢ ካለ ሳጥኑ ስጦታን ይዟት ይሞታል። እሺ ካለ ሰዎቹ ያጠፏታል። ተለቅ ያለው ዕቃ ይገዛ ቢልም በእሱ ዳቦ የተገኘው "እሺ" በሚቀጥለው ወር በሙሌ ዳቦ ይሻራል። ሲያስበው፣ ከጥቅምት ጀምሮ እዚያ ማኅበር ላይ አንድም ሰው የልቡን ተናግሮ አያውቅም። እሱም ጭምር።

የማኅበሩ ዕለት ባለድርሻዎቹን ከሌላው ማኅበርተኛ አስቀድሞ ጠራቸው። እህቱ ዙፋን የጋገረችው ድፎ ነጭ ጨርቅ ለብሶ መሐል ቤት ተቀምጧል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። የማኅበሩ ቄስ አባ ፀጋውም አስቀድመው መጥተዋል፤ እሳቸው ለዳቦ ዘግይተው አያውቁም። ሊባርኩ ሲነሱ ክንዴ ፊታቸው ቆመ።

"አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት የድርጅታችንን ጉዳይ እንጨርሳለን።"

ዙፋን ከጓዳ ብቅ ብላ ወንድሟን እንደታመመ ሰው አየችው።

"ምነው ክንዴ፣ በኪዳነምሕረት ቀን ልታስርበን?" አለች ጥሩዬ።

"ከበላችሁማ እሺ ትሉኛላችሁ።"

"እሺ ብንልህ ምን ጠላህ?"

"በሚቀጥለው ወር ሙሌንም እሺ ትሉታላችሁ።"

ባርናባስ ሳቁ አመለጠው። አባ ፀጋው ዳቦውን አዩ፣ ክንዴን አዩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። "እንግዲያውስ ልጆቼ፣ አታንዛዙት" አሉ።

ረኀብ እውነትን እንዲህ እንደሚያወጣ ማን ያውቅ ነበር? መጀመሪያ ጥሩዬ ፈነዳች። ዕቃውን ጠልታ ሳይሆን ሙሌ ከራሱ ሱቅ ሊሸጥላቸው ያሰበ መስሏት ኖሯል። ሙሌ ብድግ አለ። "ከጎንደር እንደመጣ እያያችሁ! እኔ ከዚህ ዕቃ ሳንቲም አላገኘሁም!" ባርናባስም በተራው ጉሮሮውን ጠረገና፣ ስለ አዲሱ ሚሞሪ ብዙ እንዳነበበ ሲናገር የከረመው ግማሹን ሳይገባው መሆኑን አመነ። አንድ የሰማው ነገር ግን ያሳስበው ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ የያዘውን ሊረሳ ይችላል ይባላል። "እሱስ እውነት ነው" አለ ሙሌ፤ "በየጊዜው እንሰካዋለና።"

"እኔም ያልኩትን ብያለሁ" አለ ክንዴ። "ሳያጉረመርም የሚሞት ዕቃ አላምንም።"

ሙሌ ወደ እሱ ዞረ። ድምፁ ከንዴት ወደ ልመና ወርዶ ነበር።

"ጋሽ ክንዴ፣ አሮጌው ይኸው አጉረመረመልዎት። ጠቅ ጠቅ እያለ ነው። ከዚህ በላይ ምን ብሎ ይንገርዎት? እንዲህ የሚል መኪና ይዘው ሊማሊሞን ይወርዱ ነበር?"

በሹፌርነቱ ዘመን ረዳቱ እንዲህ የሚል መኪና አስነስቶ ቢሆን ክንዴ በጥፊ ባለው ነበር። "አልወርድም" አለ። "ልክ ነህ። አሮጌው አይታመንም፣ አዲሱ ይግባ። ጥሬው ግን አይጥፋ።"

"ለምን?"

ክንዴ ወደ ወለሉ አቀረቀረ።

"ስጦታ ያለችው እዚያ ነው" አለ። "ፊልሙ ላይ ድምፅዋን አጥፍተው የስቱዲዮ ዘፈን ጭነውበታል። ጥሬው ከጠፋ ድምፅዋን ደግሜ አልሰማም። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ጥሩዬ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሙሌ ወደ ክንዴ ቀረብ አለ።

"ታዲያ ጥቅምት ላይ ለምን አልነገሩንም?"

"ጠላህን ጠጥቼ ነበራ!"

በዚህ ሰዓት መሳቅ ነውር ቢሆንም አባ ፀጋው ሳቁ፤ ሌላውም ተከተላቸው፣ ክንዴም ዓይኑ እንባ እንደሞላ ሳቀ። ሙሌ ግን ሐሳብ ገብቶት ነበር። የእሱ ሰርግ ላይ ዘፈን ያወረደችው ስጦታ ናት። ስለ ጸጉሩ የገጠመችውን ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ያነሳበታል። የሰርጉን ፊልም ስንት ጊዜ አይቶት ያ ግጥም እዚያ ላይ እንደሌለ ልብ ብሎ አያውቅም።

"ሥዕሉ ነው ቦታ የሚበላው" አለ ቀስ ብሎ። "ድምፅ ብቻ ከሆነ ትንሽ ነው፤ የሰርጉን ሁሉ ድምፅ አዲሱ ላይ ማሳረፍ እንችላለን።"

"ሥዕሉስ?" አለች ጥሩዬ።

"ሥዕሉን ለመምረጥ ያ ሳጥን እየተንገጫገጨ ስንት ወር ይሽከረከር? አይጠብቀንም። ድምፁን ግን አንዴ ጠቅልለን እናወጣዋለን፣ ፍለጋው ከዚያ በኋላ በቀስታ ይሆናል።"

ሁሉም ክንዴን አዩ። ክንዴ ስጦታ ስትጨፍር ትከሻዋ እንዴት ከከበሮው ቀድሞ እንደሚነሳ አሰበ። ይህን ከእንግዲህ የሚያየው በልቡ ብቻ ነው ማለት ነው። ከበደው፣ እንደከበደውም አልደበቀም፤ ፊቱን በመዳፉ አበሰ።

"ይሁን" አለ። "ፍለጋውን እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ ሥራ ፈት ነኝ። በሉ አባ፣ ይባርኩልን።"

ዳቦው ተቆረሰ። በዚያ ማኅበር እንደዚያ ቀን የተበላ ዳቦ የለም ይላሉ።

ፋንታዬ የሰርጎቹን ድምፅ ከአሮጌዎቹ ሳጥኖች እየገለበጠች ወደ አዲሱ አስገባች። ያ የሚያንኳኳው ሳጥን የጃናሞራዎቹ ሰርጎች ሳይወጡ ጸጥ አለ፣ ተመልሶም አልተነሳ። ክንዴ አዘነ፤ ከሁሉም ግን የሚበዛው ተርፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ደርቦ ቪዲዮ ቤቱ ይመጣል፣ ከፋንታዬ ጎን ይቀመጣል፣ ይሰማል። የሴቶች ዘፈን ሲመጣ ምልክት ይሰጣታል፣ እሷ ታስቀምጠዋለች። ለአዲስ ፊልም ቦታ እንዲተርፍ ዘፈን የሌለበትን ትደመስሰዋለች።

መጀመሪያ የስጦታ ድምፅ የመጣለት ቀን ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ለመደው። እንዲያውም አንዳንዴ ግጥሟ ላይ ብቻውን እየሳቀ ፋንታዬን ያስደነግጣታል። ልጅቱም ሳይታወቃት ስጦታን ወደደቻት፤ ሥራ ላይ ሆና ስታንጎራጉር የስጦታን ዜማ ነው።

አንድ ቀን የኮሶዬ ሰርግ ላይ ደረሱ። ዘፈን አልነበረም። የሳህን ኳኳታ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ "ውሃ አምጡ" የሚል ሰው። ፋንታዬ ልታልፈው ጣቷን ስታነሳ አንዲት ሴት ካሜራው አጠገብ ተናገረች።

"ለክንዴ ከወጡ አንሱለት። ሊማሊሞን እየወጣ ነው፣ ማታ ይገባል።"

ሌላ ሴት ሳቀች። "አንቺ ደግሞ! ባልሽ ሕፃን ነው እንዴ? ከራበው አይናገርም?"

"አይናገርም" አለች ስጦታ። "እኔ ካልጠየቅሁት ራበኝ ብሎ አያውቅም። አንሱለት ብያለሁ!"

ከዚያ የሳህኑ ኳኳታ ዋጣት።

"ጋሼ፣ እዚህ ላይ ዘፈን የለም" አለች ፋንታዬ፤ ቀና ብላ ስታየው ግን እጇን ከማጥፊያው ላይ አነሳች። "ልድገምልዎት?"

ክንዴ ራሱን ነቀነቀ። ደገመችለት። "አይናገርም" የሚለው ጋ ሲደርስ ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አለ።

"ራበኝ፣ ስጦታ" አለ።